ቀኝ ያውላችሁ፦ የመልካም ምኞት ፍሪጅ ማግኔት እቤት ውስጥ አሠራር

ልጅ ሆኜ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ስዕሉን የምስለው እኔ ነበርኩ። የሚሸጠው ግን ወንድሜ ነው። በሰፈራችን ሴቶቹ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ። ወንዶቹ በውሃ ቀለም የተሳለ መልአክ፣ አበባ ወይም ፀሐይ ይዘው በየቤቱ ያንኳኳሉ። ስዕሉን የተቀበለ ሰው ሳንቲም ይሰጣል። ወንድሜ መስመር እንኳን ቀጥ አድርጎ ማስመር አይችልም። ስለዚህ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ከደብተሬ መሃል ወረቀት እየገነጠልኩ እስልለት ነበር። ከሚያገኘው ግማሹ የኔ ነው ተባብለናል። ግማሹን አይቼው አላውቅም።

ያ ስዕል እናቶች ቡፌ መስታወት ላይ ተሰክቶ ዓመቱን ይከርማል። ዛሬ ያ ቡፌ በየቤቱ የለም። ፍሪጅ ግን አለ። እኔም ያንኑ የልጅነት ስዕል በማግኔት መሥራት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ለዘመድ እሰጣለሁ፤ የተረፈውን ቸርችል ጎዳና ላይ ላለ አንድ የባህል ዕቃ ሱቅ አስረክባለሁ። "እንዴት ነው የምትሠሪው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መጀመሪያ ምልክቱ

ስጀምር ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ነበር የገለበጥኩት። የፈረስ ጫማ። አራት ቅጠል ያለው ማገጥ። አንድ እጇን ያነሳች የጃፓን ድመት። ሃያ ያህል ሠርቼ ወደ ሱቁ ወሰድኩ። ባለቤቷ የፈረስ ጫማውን አገላብጣ አየችና "እህቴ፣ ይሄ ከጋሪ ላይ የወደቀ ነው?" አለችኝ። ፈረንጆች ዘንድ እድል ያመጣል ይባላል አልኳት። "ፈረንጅማ ይሄን እቤቱ ትቶት ነው የመጣው" አለች። እውነቷን ነው። ድመቷን የሚፈልግ ጃፓን ሲሄድ ይገዛታል። ሰማያዊውን የመስታወት ዓይን የሚፈልግ ኢስታንቡል ይጠብቀዋል።

እኛስ ምን አጣን? "ገድ" የሚል ቃል አለን። ያልቀናውን "ገደ ቢስ" እንለዋለን። ልክ ቡናው ሲቀዳ የደረሰውን እንግዳ "እግረ እርጥብ" ብለን እናሞግሰዋለን። ጠዋት የሚወጣውን ሰው "ቀኝ ያውልህ" ብለን እንሸኘዋለን። ምኞቱ ሞልቷል። ቅርጽ መስጠት ብቻ ነው የሚቀረው።

አደይ አበባ ለጀማሪ ትመቻለች። መስከረም ሲጠባ ሜዳውን የምትሞላውን አበባ የማያውቅ ስለሌለ ማብራሪያ አትፈልግም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሱፍ አበባ በማድረግ ነው። መሃሏን ትልቅ ቡናማ ክብ ያደርጉታል። የአደይ መሃል ትንሽ ነው፤ ቀለሙም ጠቆር ያለ ቢጫ ነው። ቅጠሎቿን እኔ ስምንት አደርጋቸዋለሁ።

ውጭ ለሚኖር ሰው ግን ሦስት ሲኒ የሚያህል የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስት ትንንሽ ሲኒዎች አንድ ረከቦት ላይ። በረካ ከዓረብኛ የመጣ ቃል ሆኖ ትርጉሙ በረከት ነው፤ ማለትም የመጨረሻው ሲኒ ራሱ ምርቃት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእህቴ ልጅ አቦልና ቶናን ታውቃለች፤ ሦስተኛውን ጠብቃ ግን አታውቅም፤ ሥራ ይረፍዳታል። ማግኔቱን ስትቀበል "አክስቴ፣ ይሄ ስድብ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ዛጎል መሥራት አያስፈልገውም፤ እውነተኛውን መትከል ነው። ለጌጥ የሚሸጠው ጀርባው የተቆረጠ ስለሆነ እርጥቡ ሊጥ ላይ ጥሩ ይቀመጣል። ብቻ አንዳንድ ሰው ዛጎል ሲያይ ጠንቋይ ትዝ ይለዋል። ለማን እንደምትሰጡ እወቁ።

ዓይን ላይ ትንሽ ልቆይ። አያቴ አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበራት። ሲከፈት አላየሁም፤ ሽታውን ግን አልረሳውም፤ ቅቤና ጭስ። በኋላ ነው ጥቅል ክታቦችን ተከፍተው ያየሁት። ብራና ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፉ ናቸው። ከባለቤቱ ቁመት ጋር ተለክተው የሚዘጋጁም አሉ። በጸሎቱ መሃል ጠልሰም የሚባለው ስዕል ይገባል፦ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ መሃሉ ላይ ፊት፣ በየማዕዘኑ የሚያፈጡ ዓይኖች። ክፉውን መልሶ የሚያይ ዓይን ነው።

ሳየው እጄን በላኝ። ግን ጽሑፉንም የጠልሰሙን ሙሉ ቅርጽም አልገለብጥም። ለአንዱ የተከበረ ነገር ነው፤ ለሌላው ደግሞ ከሃይማኖት ውጭ የሆነ። በሁለቱም በኩል ብትወስዱት በመብራት ቢልና በልጆች የፈተና ፕሮግራም መሃል የሚለጠፍ ነገር አይደለም። እኔ ዓይኑን ብቻ የወሰድኩት ከጎንደር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ። እዚያ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ጣሪያውን በተርታ ሞልተውታል። የትም ብትቆሙ ያዩዋችኋል። ምስጢሩ ቀላል ነው፦ ዓይኑ ትልቅና ሹል ነው፤ ጥቁሩ ብሌን ከላይኛው ሽፋሽፍት ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ከታች ትንሽ ነጭ ይቀራል። ብሌኑን መሃል ላይ ካደረጋችሁት የደነገጠ ሰው ይሆንባችኋል።

መስቀልም እሠራለሁ። የላሊበላው በደንብ ይሸጣል። "እድል ያመጣል" ብዬ ግን አልጽፍበትም። መስቀል ገድ አይደለም።

ሊጡ

ሸክላ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ማቃጠያ የለኝም። እኔ የምጠቀመው ምድጃ ላይ የሚሠራ ሊጥ ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ያው ቪናቪል የምንለው። አንድ የሻይ ብርጭቆ ኮርን ስታርች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ። ዘይቱ ያለሰልሰዋል፤ አቼቶው እንዳይሻግት ይረዳል። ከደረቀ በኋላ ብርሃንን እንደ ሻማ ሰም ስለሚያሳልፍ ትንሽ ነጭ ቀለምም ጨምሩበት።

እሳት ሳይነካው ጓል እስኪጠፋ በጥብጡት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ገንፎ ነው። ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ይህን አያቅተውም። እሳቱ ዝቅ ይበል፤ መስኮቱ ይከፈት። መጀመሪያ እርጎ ይመስላል። ቀጥሎ ከሥሩ መጓጎል ይጀምራል። አትደንግጡ፤ ማማሰያውን ከሥር ወደ ላይ እያዞራችሁ ቀጥሉ። ድስቱን እየለቀቀ ማማሰያው ላይ ሲጠመጠም አውጡት። መሃሉ ትንሽ እርጥብ ሆኖ ቢወጣ ይሻላል። ካሳለፋችሁት እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል፤ ያን ጊዜ መድኃኒት የለውም።

እጃችሁን ቫዝሊን ተቀቡና በትኩሱ እሹት። ሲለሰልስ በላስቲክ ጠቅልላችሁ እስከ ነገ አሳድሩት። ድስቱና ማማሰያው ከዚህ በኋላ የዚህ ሥራ ናቸው፤ ወደ ምግብ አይመለሱም። ሊጡም ላይ "አይበላም" ብላችሁ ጻፉ። የኔ ባለቤት አንድ ማታ አይብ መስሎት በማንኪያ ቆርሶለታል። እስከዛሬ ኮላ የሚል ቃል ሲሰማ ይስቃል። ያን ማታ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ላስቲክ ላይ አድርጋችሁ በመዳመጫ ዳምጡት። ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሲደርቅ እንደሚያንስ አትርሱ። እኔ 5 ሳንቲ ሜትር ክብ ስቆርጥ ሲደርቅ ወደ 4 ተኩል ይወርዳል። ለአደይ አበባ ስምንት ሽምብራ የሚያህሉ ኳሶች አድቦልቡሉ። በአንድ በኩል እያሾላችሁ ጠፍጥፏቸው። በቢላ ጀርባ መሃል መሃላቸውን አስምሩና ክቡ ላይ በኮላ ደርድሯቸው። ለመሃሏ አንድ አተር የሚያህል ኳስ ውሰዱና የወንፊት ጀርባ ላይ ጫን አድርጉት። የወንፊቱ ቀዳዳዎች ታትመው ሲወጡ ልክ የአበባ ዱቄት ያለበት ይመስላል። ይቺን ዘዴ በአጋጣሚ ነው ያገኘኋት፤ ኳሷ አምልጣኝ ወንፊት ላይ ወድቃ።

ማድረቅ

የማድረቁ ነገር ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እንቁጣጣሽ የሚመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሥራው የሚሠራው በነሐሴ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ በነሐሴ ልብስ እንኳን ሦስት ቀን ሰጥቶ አይደርቅም። በደረቅ ወር ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚበቃው ማግኔት በክረምት አሥር ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሐምሌ ውስጥ ጀምሩ።

ሰፌድ ላይ ዘርጓቸው። አየር ከሥርም ያገኛሉ፤ የሰፌዱ ስፌት ደግሞ ጀርባቸው ላይ ይታተማል። ያ ሻካራነት በኋላ ማጣበቂያው እንዲይዝ ይረዳል። በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጧቸው፤ አለበለዚያ ጫፋቸው ወደ ላይ ይጠቀለላል። ፀሐይ ብቅ ስትል ቸኩላችሁ ደጅ አታውጧቸው፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ መሃሉ ሲቀር ይሰነጠቃል። እንጀራ በተጋገረበት ቀን ምጣዱ ያለበት ክፍል ውስጥ ማሳደር ግን በጣም ጥሩ ነው። ክፍሉ ውስጥ አልኩ። ምጣዱ ላይ አላልኩም። ወደሱ እመጣለሁ።

ቀለም ላይ አልረዝምም። ቢጫ ብቻውን ደካማ ቀለም ነው፤ መጀመሪያ አንድ እጅ ነጭ ቀቡ፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቢጫ። አክሪሊክ ይሁን። የዓይኑን ጥቁር መስመር በቀጭን ብሩሽ እንጂ በማርከር አትሥሩት። ማርከር ቫርኒሽ ሲነካው ይሟሟል፤ አሥራ አምስት መልአክ ዓይን ኩሉ ፈስሶበት ያለቀሰ መስሎብኛል። በመጨረሻ ሁለት ስስ እጅ ቫርኒሽ። ወፍራም አንድ እጅ አይተካውም፤ ተንጠባጥቦ ይደርቃል።

ማግኔቱ

ገበያ ላይ የምታገኙት ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁሩ ፌራይት ነው፤ የአሮጌ ድምፅ ማጉያ ቀለበትም ከዚሁ ነው። ርካሽ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጉልበቱ መካከለኛ ነው። ብርማው ኒዮዲሚየም ይባላል። ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን ይሠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓንና አሜሪካ ውስጥ በየፊናቸው የደረሱበት ነው። ለአንድ አደይ አበባ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ፍሬ ይበቃል።

አሁን የምጣዱን ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ጳጉሜን ደረሰብኝ። ሠላሳ ማግኔት ሠርቼ፣ ማግኔቶቹንም ለጥፌ ጨርሻለሁ፤ ቫርኒሹ ግን ውሃ ውሃ እያለ አልደርቅ አለ። እንጀራ ጋግሬ ምጣዱን ከነቀልኩ ሩብ ሰዓት ቢሆነው ነው። "ሙቀቱ ለብ ብሏል" አልኩና አንድ ጨርቅ አንጥፌ ሁሉንም ደረደርኳቸው። ቫርኒሹ በደንብ ደረቀ። ፍሪጅ ላይ ስለጥፋቸው ግን አንዱ ተንሸራተተ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ጭራሽ ወደቀ። ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣል፤ ሲቀዘቅዝም ያ ጉልበት በራሱ አይመለስም። ምጣድ ደግሞ እጅ ለብ አለ ብሎ የሚገምተው ዕቃ አይደለም። ሠላሳውንም በቢላ ፈልቅቄ አዲስ ለጠፍኩባቸው። አራቱ ሲፈለቀቁ ተሰበሩ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ይደርቃል፣ ይቀባል፣ ቫርኒሹ ይደርቃል፣ ማግኔት መጨረሻ። ምድጃ ውስጥ የሚጋገር የፕላስቲክ ሸክላ የምትጠቀሙም ያው ነው፤ ማግኔቱ አብሮ አይግባ።

አለጣጠፉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ኒዮዲሚየሙ በኒኬል የተለበጠ ስለሆነ እንደ መስታወት ይንሸራተታል። አንዱን ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉና በአልኮል ጥረጉት። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ የሚያለሰልስ ነገር ስላለው ቅባት ይተዋል። ማጣበቂያው ከሁለት ቱቦ እኩል እየተጨመቀ የሚደባለቀው ኢፖክሲ ይሁን። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፤ ፍሪጁ ገጭ በተደረገ ቁጥር ደግሞ እየተንቀጠቀጠ ቶሎ ይለቃል። ስትለጥፉ በማግኔትና በማግኔት መሃል አንድ ስንዝር ተዉ። ኢፖክሲው ሳይደርቅ ሁለቱ ዘለው ሲጣበቁ ማየት ለሌላ ሰው ያስቃል።

ማግኔቱ ከጀርባው ላይ ትንሽ ወጣ ብሎ ይቀመጥ እንጂ ጠልቆ አይቀበር። አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት እንኳን ጉልበቱን በጣም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጀርባውን ለማሳመር ጨርቅ አትለጥፉበት። ከመሃል ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት፤ ያለዚያ አበባው አናቱ ይከብደውና ይዞራል። ሦስት ሲኒው ረጅም ስለሆነ ሁለት ማግኔት ይፈልጋል፣ በግራና በቀኝ።

ኢፖክሲውን አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ከዚያ ፈተናው፦ ሁለት ወረቀት አስይዙትና የፍሪጁን በር አሥር ጊዜ ወርወር አድርጋችሁ ዝጉ። ከተንሸራተተ ሌላ ማግኔት ይጨመርለት። "እኔ ቤት አይይዝም" የሚላችሁ ሰው ካለ ወዲያው ይቅርታ አትጠይቁ። መስታወት የሆነ በርና አንዳንዱ አይዝጌ ብረት ማግኔት አይዝም።

ቀልድ የሌለበት ነገር አለ። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ኒዮዲሚየም አልሰጥም። አንድ ልጅ ሁለት ፍሬ ከዋጠ አንጀት ውስጥ ከሁለት በኩል ይሳሳባሉ፤ መሃል የገባውን አንጀት ይበሱታል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው፣ ነፍስንም የሚያሰጋ ጉዳት ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ቤት በመቀስ የሚቆረጠውን የጎማ ማግኔት በጀርባው ሙሉ ለጥፉ፤ ሊጡንም ሳሳ አድርጉት። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለላቸው ሰዎችም ማግኔቱን የደረት ኪሳቸው ውስጥ አይያዙት።

ካርዱ

ከእያንዳንዱ ጋር አንዲት ትንሽ ካርድ አያይዛለሁ። ከፊት ምኞቱ፣ ከኋላ የምልክቱ ትርጉም በሁለት መስመር። ለአደይ "እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ"። ለሦስቱ ሲኒ "በረካው አይለፍዎ"። ለዓይኑ "ቀኝ ያውልዎ"። ዓመተ ምሕረት አትጻፉ። እኔ 2015 ብዬ የጻፍኩባቸው አርባ አደይ አበባዎች እስከዛሬ ካርቶን ውስጥ አሉ። ማን ያለፈ ዓመት ይገዛል?

በሻንጣ ሲላኩ ሁለት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አድርጋችሁ መሃላቸው ወፍራም ካርቶን አስገቡ፤ ፊታቸውን በጨርቅ ጠቅልሉ። ለሚቀበለው ሰው "በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አትጠበው" በሉት። ውሃ ውስጥ ከቆየ ሊጡ ይለሰልሳል። ቅጠል ከተሰበረ በዚያው በቪናቪል ይመለሳል። ክቡ ራሱ ለሁለት ከተከፈለ ማግኔቱን ፈልቅቃችሁ ለሚቀጥለው አስቀምጡት።

ወንድሜ አሁን አሜሪካ ነው። ባለፈው ነሐሴ ደወለና ለሥራ ባልደረቦቹ የሚያድለው ሃምሳ ማግኔት አዘዘኝ። "ስንት ልላክልሽ?" አለ። የወረቀቶቹን ግማሽ ጨምሮ እንዲያስብ ነገርኩት።